በሱሉልታ አንድ የወተት ማኅበር መተግበሪያውን ወደ ፕሌይ ስቶር እና ወደ አፕ ስቶር ያስገባበት ሂደት፦ የጉዳይ ጥናት

ዳራ

በአዲሱ ገበያ በኩል የጎጃምን መንገድ ይዞ የእንጦጦን ዳገት ለጨረሰ ሰው ከፊቱ የሚዘረጋው የሱሉልታ ሜዳ ነው። አካባቢው ለአዲስ አበባ ወተት በማቅረብ የቆየ ስም አለው። ይህ ጥናት የሚመለከተው በዚያ የሚገኝ አንድ የወተት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን፣ የማኅበሩንም ሆነ የሰዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ። እኔ በጉዳዩ የገባሁት በጥር ወር 2017 ዓ.ም.፣ መተግበሪያው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ወደ መደብሮቹ የሚገባበትን ሥራ እንዳግዝ ተጠይቄ ነው።

የማኅበሩ ቀን ገና ሳይነጋ ይጀምራል። አባላት ወተታቸውን ወደ መሰብሰቢያው ያመጣሉ፣ ተረካቢው ውኃ የተቀላቀለበት እንዳይሆን በላክቶሜትር ይለካል፣ መጠኑ በመዝገብ ይሰፍራል፣ ከዚያም ወተቱ በዳማስ ተጭኖ ወደ እንቁላል ፋብሪካ፣ ወደ ጳውሎስና ወደ ፒያሳ ይወርዳል። ትእዛዝ ይቀበሉ የነበሩት የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው። ሁሉም ሰው እትዬ እያለ የሚጠራቸው እኚህ ሴት የደንበኞችን ስምና አድራሻ በአንድ ትልቅ ባለ መስመር ደብተር ይጽፉ ነበር። ሁለት ወጣት ባለሙያዎች፣ አንዷ የአባል ልጅ ናት፣ ይህን ደብተር ወደ ስልክ ለመለወጥ ፍላተር በሚባል የመተግበሪያ መሥሪያ መተግበሪያ ሠሩ። ደንበኛው የሊትሩን መጠን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመርጣል፤ ክፍያውን ደግሞ ወይ ሲረከብ ወይ በሞባይል ይፈጽማል። መተግበሪያው ለደንበኞች ይደርስ የነበረው በማኅበሩ የቴሌግራም ቻናል በፋይል መልክ ነበር።

ችግሩ

በቴሌግራም ማሰራጨቱ ለጥቂት ደንበኞች ሠርቷል፤ ከዚያ በላይ ግን አላስኬደም። ፋይሉን የሚጭን ሰው ስልኩ ምንጩ ያልታወቀ ነው ብሎ ያስጠነቅቀዋል፣ ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ደንበኛው ራሱ ፈልጎ ማውረድ አለበት፣ አይፎን የያዘ ሰው ደግሞ ጭራሽ አያገኘውም። የማኅበሩ አመራር መተግበሪያው በሁለቱም መደብሮች ለፋሲካ እንዲደርስ ወሰነ።

ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ይውላል። በእነዚያ 55 ቀናት ጿሚ ቤተሰብ ወተት አይገዛም፣ ላሟ ግን መታለቧን አታቆምም፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የቀረው ገበያ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይመለሳል። የማኅበሩ ሰዎች ይህን ከማንኛውም የገበያ ባለሙያ በላይ ያውቁታል። ጾሙን ለዝግጅት፣ ፋሲካን ለምርቃት ማድረጋቸው በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ከተወሰኑት ውሳኔዎች የተሻለው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁላችንም ቀሪውን ሥራ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ አድርገን ገምተነው ነበር። ያላየነው ነገር የሚከተለው ነው። መተግበሪያው የተሠራው አገሩን በሚያውቁ ሰዎች፣ አገሩን ለሚያውቁ ሰዎች ነው፤ በመደብሩ በኩል የሚመረምረው ሰው ግን ሱሉልታን አያውቅም፣ የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥር የለውም፣ ሰዓታችንንም አይቆጥርም። በእኛ መካከል ሳይነገር የሚታወቀው ሁሉ ለእርሱ ተጽፎ መቅረብ ነበረበት።

አካውንቱ በማን ስም ይከፈት?

የፕሌይ ስቶር የአልሚ (የመተግበሪያ ሠሪ) አካውንት አንድ ጊዜ ብቻ 25 ዶላር ይከፈልበታል፤ የአፕል ፕሮግራም ደግሞ በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። የማኅበሩ ገንዘብ በብር ስለሆነ መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ ውጭ አገር ያለ የአንድ አባል ዘመድ በራሱ ስም አካውንቶቹን እንዲከፍት ነበር። ይህን አጥብቄ ተቃወምኩ። አካውንቱን የያዘ ሰው መተግበሪያውን የማሻሻል፣ የማገድና የማውረድ ሥልጣን ይይዛል፤ ቢታመም፣ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢቀየም ማኅበሩ የራሱን መተግበሪያ ከውጭ ቆሞ ያያል። ዘመድየው ቅን ሰው መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ትክክለኛው መንገድ በማኅበሩ ስም የድርጅት አካውንት መክፈት ነበር። ለዚህም ሁለቱም ኩባንያዎች ደንስ የሚባለውን ባለ ዘጠኝ አኃዝ የድርጅት መለያ ቁጥር ይጠይቃሉ። ጥያቄውን በጥር ወር ላክን። የማኅበሩ የምዝገባ ምስክር ወረቀት በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ሲሆን፣ በቁቤ የከተማዋ ስም ሲጻፍ የመጨረሻው አናባቢ ይደገማል። እኛ በቅጹ ላይ በእንግሊዝኛ ስንሞላ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍነው፤ በባንክ ሰነዱ ላይ ደግሞ ስሙ ከሁለቱም በተለየ ሆሄያት ሰፍሯል። ለእኛ ሦስቱም አንድ ስም ናቸው፤ ሰነድ ለሚያመሳክር ሰው ግን ሦስት ድርጅቶች ናቸው። ማስተካከያውን፣ የተረጋገጠ ትርጉሙንና ምላሹን ስንጠብቅ እስከ ግንቦት አጋማሽ ቆየን።

ፋሲካ ስለማይጠብቅ አማካይ መንገድ መረጥን፦ የፕሌይ ስቶሩ አካውንት ለጊዜው በወጣቱ ባለሙያ ስም፣ በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ የባንክ ካርድ ተከፈተ፤ መተግበሪያው በኋላ ወደ ማኅበሩ አካውንት እንደሚዛወር በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ሁሉም ፈረሙበት። የአፕ ስቶሩ ግን የድርጅቱ ቁጥር እስኪመጣ እንዲቆይ ተስማማን። በዚህም ለፋሲካ የሚደርሰው አንዱ መደብር ብቻ እንደሆነ በጊዜ ታወቀ።

የዐሥራ ሁለቱ ሰዎች ሙከራ

ከኅዳር 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የተከፈተ የግል አካውንት በፕሌይ ስቶር ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ዝግ ሙከራ ማካሄድ ግዴታው ነው። ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በሙከራው ውስጥ መቆየት አለባቸው፤ ቀደም ሲል ቁጥሩ 20 ነበር። የድርጅት አካውንት ይህ ግዴታ የለበትም፤ በግል ስም መክፈታችን ያስከፈለን አንዱ ዋጋ ይህ ነው።

ሙከራውን የካቲት 10 ቀን የጀመርነው ልክ በ12 ሰዎች ነበር። በዘጠነኛው ቀን አንድ ደንበኛ ጾሙ ስለገባ መተግበሪያው አያስፈልገኝም ብለው ከሙከራው ወጡ፤ ቁጥሩ 11 ሲሆን ተከታታይነቱ ተቋረጠ። በየካቲት 22 ቀን በ21 ሰዎች እንደ አዲስ ጀመርን። 14ቱ ቀን ሲሞላ የመልቀቂያ ፈቃድ ጠየቅን፤ ሆኖም ስለ ሙከራው ለቀረቡት ጥያቄዎች የሰጠነው መልስ «ጥሩ ነው» እና «ሁሉም ወደውታል» የሚል ዓይነት ስለነበር ተጨማሪ ሙከራ እንድናደርግ ተነገረን። በሁለተኛው ጊዜ ሞካሪዎቹ ምን እንዳገኙ፣ እኛስ ምን እንዳስተካከልን አንድ በአንድ ጻፍን፤ ፈቃዱም መጣ።

ግዴታው መጀመሪያ እንቅፋት መስሎን ነበር። ነገር ግን ከሞካሪዎቹ ያገኘነው ነገር በቢሮ ተቀምጠን ልናገኘው የማንችለው ነው። ለምሳሌ የምዝገባ ቅጹ በ09 የሚጀምር ቁጥር ብቻ ይቀበል ስለነበር በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር ያላት ወጣት መመዝገብ አልቻለችም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው። አንዲት እናት ከእንቁላል ፋብሪካ ደውለው ከአልሚዋ ጋር ሲነጋገሩ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ልጄ፣ እኔ ያዘዝኩት ለጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ይኼ ስልክ ግን 7 ሰዓት ይመጣል ይላል። ለምሳ ልታመጡልኝ ነው እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ጠዋት ነው የሚመጣው። በፈረንጅ ቆጥሮ ነው።»

«ታዲያ በአማርኛ ጽፎ በፈረንጅ የሚቆጥረው ለምንድን ነው?»

ጥያቄያቸው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበር። ጽሑፉ ሁሉ ወደ አማርኛ ተመልሷል፣ ሰዓቱ ግን ከስልኩ እንደመጣ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሰዓት ስድስት ሰዓት ተቀንሶ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ተብሎ በቃል እንዲጻፍ፣ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ተደረገ፤ በሰርቨሩ ላይ ግን ሁሉም በዓለም አቀፍ ሰዓት ይቀመጣል። ይህን ማሻሻያ ያየ ደንበኛ ምንም ሳይል ማዘዙን ቀጠለ፤ መስተካከሉንም ያወቅነው በዚህ ነው።

ገምጋሚው በር ላይ ቀረ

ወደ መተግበሪያው የሚገባው ስልክ ቁጥር ተሞልቶ፣ በኤስኤምኤስ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ሲገባ ነው። ለግምገማ ያስገባነው የመጀመሪያው ዕትም ገምጋሚው መግቢያውን ማለፍ አልቻለም በሚል ተመለሰ። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ የኢትዮጵያ ቁጥር የሌለው ሰው ኮዱን ከየት ያመጣል? በፕሌይ ኮንሶል፣ ማለትም አልሚው መተግበሪያውን በሚያስተዳድርበት ገጽ ውስጥ፣ ለገምጋሚ የመግቢያ መረጃ የሚሰጥበትን ክፍል «ልዩ መግቢያ አያስፈልግም» ብለን ሞልተን ነበር።

መፍትሔው ለግምገማ ብቻ የሚያገለግል አንድ ቁጥርና ከእርሱ ጋር የታሰረ ቋሚ ኮድ ማዘጋጀት ሆነ። ቁጥሩ የእውነተኛ ሰው አይደለም፣ የሌላ ደንበኛ መረጃ አያይም፣ ትእዛዙም ወደ መሰብሰቢያው አይደርስም። ይህ ከተደረገ በኋላ ሌላ በር ተገኘ፦ መተግበሪያው አካባቢውን አይቶ ከማከፋፈያው ክልል ውጭ ለሆነ ሰው «በዚህ አካባቢ አገልግሎት የለም» ብሎ ይዘጋል። ገምጋሚው ኮዱን ቢያገኝም የሚያየው ይህን ባዶ ገጽ ብቻ ነበር። የግምገማው ቁጥር ከዚህም ነፃ እንዲሆን ተደረገ። በተጨማሪም በእንግሊዝኛ አጭር ማስታወሻ ጻፍን፦ ማኅበሩ ምን እንደሆነ፣ ወተቱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው የአማርኛ ቁልፍ ሁሉ ምን እንደሚል፣ እንዲሁም አንድ ትእዛዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚታይበት ቪዲዮ። ይህ ማስታወሻ በኋላ ለአፕ ስቶርም እንዳለ አገልግሏል።

የአካባቢ ፈቃድ ሌላው መሰናክል ነበር። የደንበኛውና የአሽከርካሪው ክፍል በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ስለነበሩ፣ መተግበሪያው ተዘግቶም ቢሆን የስልኩን ቦታ ለመከታተል ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። እንዲህ ያለው ፈቃድ በፕሌይ ስቶር የተለየ ማብራሪያና ማስረጃ ይጠየቅበታል፤ ወተት ለሚያዝ ደንበኛ ደግሞ ምንም አይጠቅመውም። ለማስረዳት ከመድከም የአሽከርካሪው ክፍል ተነጥሎ ወጣና በማኅበሩ ሦስት ስልኮች ላይ ብቻ ተጫነ። የደንበኛው መተግበሪያ አሁን ቦታ የሚጠይቀው አድራሻ ሲመዘገብ ብቻ ነው።

ስለ ደንበኞች መረጃ

ሁለቱም መደብሮች የግላዊነት ፖሊሲ የያዘ ገጽ እና የሚሰበሰበው መረጃ የሚዘረዘርበት ቅጽ ይጠይቃሉ። ወጣቶቹ ፖሊሲውን ከሌላ ቦታ በእንግሊዝኛ ቀድተውት ነበር፤ በውስጡ ማኅበሩ የማይሰበስባቸው ነገሮች ተጠቅሰዋል፣ የሚሰበስባቸው ስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ ግን የሉም። ይህ ከመደብሮቹ ሕግ ባሻገርም የሚያሳስብ ነው፤ አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ሁለት ቀን ወስደን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ማንም አንብቦ የሚረዳው አንድ ገጽ ጻፍን። ቅጹን ስንሞላ ደግሞ የራሳችን ኮድ የሚልከውን ብቻ ሳይሆን፣ ለካርታና ለብልሽት ሪፖርት የጨመርናቸው ሌሎች የሠሯቸው ዝግጁ የኮድ ስብስቦች የሚልኩትንም መቁጠር ነበረብን።

አካውንት የሚከፍት መተግበሪያ አካውንት የሚሰረዝበት መንገድ በውስጡ እንዲኖረው ሁለቱም መደብሮች ያስገድዳሉ። ጸሐፊዋ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። «ደንበኛን ለምን በገዛ እጃችን እናስወጣለን? ካልፈለገ ይደውልልኝ» አሉ። አልሚዋ «እትዬ፣ በደብተርዎ ላይ የነበረ ሰው ስሜን ሰርዙልኝ ቢልዎት እምቢ ይሉ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እምቢ እንደማይሉ ተናገሩ፤ ቁልፉም በዚያው ሳምንት ገባ።

የቴሌግራሙ ፋይል ያስከተለው

በደንብ ያልተሳካልን ይህ ነው። አንድሮይድ አንድን መተግበሪያ በሌላ ዕትም የሚተካው ሁለቱ በአንድ ዓይነት ቁልፍ፣ ማለትም እንደ ማኅተም በሚያገለግል የምስጢር ኮድ፣ የተፈረሙ ከሆነ ብቻ ነው። በቴሌግራም የተሰራጨው ፋይል በአልሚው ቁልፍ የተፈረመ ሲሆን፣ ለፕሌይ ስቶር መጀመሪያ ስንጭን ግን መደብሩ ራሱ አዲስ የመፈረሚያ ቁልፍ እንዲያወጣ የሚለውን ምርጫ ሳናስተውል አለፍነው። የራሳችንን ቁልፍ ማስገባት ይቻል ነበር። ስሕተቱን ስናውቅ ሞካሪዎቹ ሁሉ በአዲሱ ፊርማ ጭነው ነበር፤ እንደገና ማፍረሱን ፈራን።

በዚህ ምክንያት የቴሌግራሙ ፋይል ያላቸው ነባር ደንበኞች ከፕሌይ ስቶር ሊጭኑ ሲሞክሩ ስልካቸው አልቀበልም አለ። መፍትሔው አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን መጫን ነው፤ ነገር ግን የተመዘገቡ አድራሻዎች በስልኩ ላይ ብቻ ስለሚቀመጡ አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ አድራሻዎቹን ወደ ሰርቨር የሚያሻግር አንድ የመጨረሻ ዕትም በቴሌግራም ለቀን፣ ከሳምንት በኋላ ብቻ «አሮጌውን አጥፉ» የሚል መልእክት ላክን። አብዛኞቹ በሰላም ተሻገሩ። መልእክቱን ያላዩት ግን አድራሻቸውን አጡ፤ ጸሐፊዋም በሕማማት ሳምንት ከደብተራቸው እያወጡ በስልክ ሲመዘግቡላቸው ሰነበቱ።

ገጹና ምርቃቱ

በሁለቱም መደብሮች ለስም የተፈቀደው 30 ፊደል ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ ይህ ከሚመስለው በላይ ሰፊ ነው፤ የማኅበሩ ስምና «ወተት» የሚለው ቃል አብረው ገብተዋል። መግለጫው ላይ ግን አንድ ያላሰብነው ነገር ነበር። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን አማርኛ ቢናገሩም የስልካቸው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ መደብሩም ገጹን የሚያሳያቸው በስልካቸው ቋንቋ ነው። ስለዚህ በፕሌይ ስቶር አማርኛን ዋና ቋንቋ አድርገን የእንግሊዝኛውን ገጽ ተውነው፤ ማንም ሰው ሲከፍተው አማርኛውን ያያል። በአፕ ስቶር በኩል አማርኛ ከመግለጫ ቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ በእንግሊዝኛ መጻፍ ግድ ሆነ። በምስሉ ላይ አስፍረነው የነበረውን «በአዲስ አበባ አንደኛ» የሚለውን ቃልም አወጣነው፤ የደረጃ ውዳሴ ደንቡ አይፈቅድም፣ እኛም ማስረጃ አልነበረንም።

መተግበሪያው በፕሌይ ስቶር የወጣው ሚያዝያ 3 ቀን፣ ከሆሳዕና በፊት ባለው ዐርብ ነው። ለሕዝብ አላወጅንም። ቀስ በቀስ በመቶኛ የመልቀቅ ዘዴ ለማሻሻያ እንጂ ለመጀመሪያ ዕትም ስለማይሠራ፣ ያለን ብቸኛ ልጓም ዝም ማለት ነበር። በዚያ ሳምንት የማስታወሻ አቅማቸው አነስተኛ በሆነ አሮጌ ስልኮች ላይ የምርት ምስሎቹ ከባድ ስለሆኑ መተግበሪያው እንደሚዘጋ ከብልሽት ሪፖርቱ አየን፤ ምስሎቹን አሳንሰን ከበዓሉ በፊት ማሻሻያ ለቀቅን። ዋዜማው ላይ አውጀን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በደንበኛ ፊት ይደርስ ነበር።

የአይፎኑ ዕትም የወጣው በሐምሌ ነው። አንድ ጊዜ ተመልሷል፤ ምክንያቱም የስክሪን ምስሎቹ የአንድሮይድ ስልክ ቁልፎች ከታች ይታዩባቸው ነበር፣ የቦታ ፈቃድ የሚጠይቀው ጽሑፍም ለምን እንደሚያስፈልግ አይገልጽም ነበር። «ወተቱ የሚደርስበትን በር ለማወቅ» ተብሎ ተስተካከለ። ወተት በእጅ የሚያዝ ዕቃ ስለሆነ ክፍያው በመደብሮቹ የክፍያ ሥርዓት በኩል ማለፍ አይጠበቅበትም፤ ኮሚሽንም የለበትም። ይህ ጥያቄ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የወሰደ ስለሆነ ለሌሎችም እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ለሌሎች የሚተርፈው

በማኅበር ወይም በአነስተኛ ድርጅት ስም መተግበሪያ ለማውጣት የሚያስብ ሰው ኮድ ከማስጻፉ በፊት የድርጅቱን ስም በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይወስን፤ በምስክር ወረቀቱ፣ በባንክ ሰነዱና በድረ ገጹ ላይ ያው ይሁን። የድርጅት መለያ ቁጥሩን ጥያቄም በዚያው ቀን ይላክ። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ ዝግ ሙከራው ግዴታ አይሆንብንም፣ የአፕ ስቶሩም ለፋሲካ ይደርስ ነበር። ሆኖም ግዴታ ባይሆንም ሙከራውን አሁንም አደርገው ነበር፤ ሞካሪዎቹም ከሚፈለገው ቁጥር በግማሽ የሚበልጡ፣ በዕድሜም ሆነ በስልክ ዓይነት የተለያዩ ይሁኑ።

በፋይል የተሰራጨ መተግበሪያ ያለው ሰው የመፈረሚያ ቁልፉን ጉዳይ ከመጀመሪያው ጭነት በፊት ይፍታ። መግቢያው በኤስኤምኤስ ወይም በአካባቢ የተገደበ ከሆነ ደግሞ አገሩን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ስልኩን ቢይዝ የት ላይ እንደሚቆም ራሱ ሞክሮ ይይ። በፕሌይ ስቶር ላይ ከመተግበሪያው ሥር የወጣቱ ስም ይታይ ስለነበር «ይህ ሰው ማነው? ማኅበሩ ወተቱን ሸጠው እንዴ?» ብለው የጠየቁ ደንበኞች እንደነበሩም ልጨምር።

መተግበሪያው በፕሌይ ስቶር ከወጣቱ ወደ ማኅበሩ አካውንት የተዛወረው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ለዚህ የሁለቱም አካውንቶች የምዝገባ ክፍያ ደረሰኝ ቁጥር ይጠየቃል፤ ወጣቱ የጥር ወሩን ደረሰኝ ከኢሜይሉ አውጥቶ አትሞ ስለነበር አልተቸገርንም። ተጠቃሚዎቹም ሆኑ አስተያየቶቹ አብረው ተሻገሩ። የአካውንቶቹ የይለፍ ቃል፣ የደንበኛው መተግበሪያ ወደ መደብሩ የሚጫንበት ቁልፍና የአሽከርካሪው መተግበሪያ የመፈረሚያ ቁልፍ ቅጂዎች እና ያ ደረሰኝ በታሸገ ፖስታ ሆነው በማኅበሩ የብረት ሣጥን ውስጥ ከማኅተሙ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከሣጥኑ ቁልፎች አንዱን ሊቀ መንበሩ፣ ሌላውን እትዬ ይዘዋል፤ ሣጥኑ የሚከፈተው ሁለቱም ሲገኙ ነው።